ቅጠል አይፈላም

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ የመሥሪያ ቤቴ ልጆች ጋቢ አለበሱኝ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ኃላፊው ቆሞ ንግግር አደረገ። «እትዬ ተዋቡ ዕድሜ ልካቸውን ሻይ ሲያፈሉልን የኖሩ እናታችን ናቸው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩ፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከሃያ ዓመቴ ወዲህ ሻይ አፍልቼ አላውቅም። የማፈላው ውኃ ነው። ቅጠል አይፈላም። ይህን በዚያ ሰዓት መናገር የልጁን ደስታ ማበላሸት መስሎ ስለታየኝ ተውኩት። ቤቴ ስገባ ግን ማን እንዳስተማረኝ፣ በምን ዘመን እንደተማርኩት፣ ያንኑ ትምህርት ረስቼ ምን እንዳጠፋሁ ለማንም በሙሉ ተናግሬ እንደማላውቅ ታሰበኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ እጄ ጽሕፈት ላይ ቀርፋፋ ነው። እንደሆነልኝ እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት ከመካነ ሰላም በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው አገር ነው። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በመጣው ድርቅ አባቴ ሁለቱንም በሬዎቹን አጣ፤ እኔን ከተማ ወስዶ ለወይዘሮ ዘሃራ አስጠጋኝ። ወይዘሮ ዘሃራ የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ናቸው፤ ገበያው ዳር ሻይ ቤት ነበራቸው። እዚያ የተማርኩት ሻይ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ትልቅ ድስት ይጣዳል፣ ዱቄት የሚመስለው ጥቁር ቅጠል ይበተናል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ይጨመራል፣ ቀለም እስኪመስል ይንተከተካል፣ ከዚያ በስኳር ይታረማል። ጥሩም ነበር። ከወፍጮ ቤት የመጣ ገበሬ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ላቡን ሲጠርግ ማየት ደስ ይላል።

አብዮቱ በፈነዳ በማግስቱ ዓመት ግድም ስድስት ቻይናውያን መካነ ሰላም መጡ። መንገድ ለማጥናት ነው ተባለ። ከከተማው ዳር ድንኳን ተከሉ፤ ጠዋት ጠዋት ባለሦስት እግር መሣሪያ ተሸክመው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። ቀበሌው ወጥ ቤት የምታግዝ ሴት ሲፈልግላቸው እሺ የሚል ጠፋ። እባብ ይበላሉ ተብሎ ተወርቶ ነበር። ወይዘሮ ዘሃራ ናቸው የላኩኝ።

«ሂጂ። ሰው ናቸው። የማትወጂውን አትብዪ፣ የምትችይውን ሥሪ» አሉኝ።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሎ ሚንግ የሚባል ስድሳ የተጠጋው ሰው ነበር። ቀጭን ነው፣ ጆሮው ትልቅ ነው፣ ሰማያዊ ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። የከተማው ሰው በሁለት ቀን ስሙን «አቶ ሎሚ» አድርጎት ቁጭ አለ፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይል ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሻይ ሥሪ የተባልኩ መሰለኝ። ጣሳ ከፈትኩ፤ ውስጡ ጠፍጣፋ፣ አረንጓዴ፣ ሣር የሚሸት ቅጠል አለ። የደረቀ ጎመን መሰለኝ። በወይዘሮ ዘሃራ ልክ ሁለት እፍኝ ድስት ውስጥ ጨምሬ፣ ስኳር አክዬ፣ እሳቱን አግለብልቤ አንተከተክሁት። አቶ ሎሚ ሽታው ጠርቶት መጣ። ድስቱን ዝቅ ብሎ አየ። ከዚያ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ለቅሶ እንደደረሰ ሰው እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። አስተርጓሚው ጌታቸው የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ ሮጦ መጣ።

«ምን አጠፋሁ?» አልኩት።

ተነጋገሩና ወደኔ ዞረ። «እናቱ እንዲህ ያለ ቅጠል ለቃሚ ነበረች ይላል። ጣቷ ይቆስል ነበር። ተቀቅሎ ሲያየው እናቱን ያየ መሰለው።»

አልተቆጣኝም። ድስቱን ደፋ፣ እጁን ታጠበ፣ ማንቆርቆሪያ ጣደና አጠገቡ እንድቀመጥ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ትምህርቴ በዚያች ሰዓት ተጀመረ፤ ከአንድ ዓመት በላይም ቆየ።

መጀመሪያ ውኃ። ከሦስት ምንጭ አስቀድቶ ቀዝቃዛውን ቀመሰ። አንዱን ተፋው፣ አንዱን ዋጠና ተወው፣ ከወይራዎቹ ሥር የሚመነጨውን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃ ከዚያ ብቻ ነው የቀዳሁት፤ ከሌሎቹ ይልቅ ሩቅ ነበር።

ቀጥሎ አፈላሉ። ውኃው ሲሞቅ ከሥሩ የሚነሣውን አረፋ እያሳየ አንድ ነገር ይላል፣ ጌታቸው ግን ለመተርጎም ይቸገራል። «የሆነ የባሕር ነፍሳት ዓይን ይላል። ቀጥሎ የዓሣ ዓይን።» እኔ ዓሣ ባይኔ አይቼ አላውቅም። በገበያ ቀን ጤፍ፣ ምስርና ሽንብራ በጨርቅ ቋጥሬ አመጣሁና ከማንቆርቆሪያው አጠገብ ዘረገፍኩለት። አረፋው ጤፍ ሲያክል በጣቴ ጤፉን ነካሁ። ምስር ሲያክል ምስሩን። አቶ ሎሚ ገባውና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ቋንቋችን እህል ሆነ። አበባ የሚሸተው ቅጠል በጤፍ አረፋ፣ አረንጓዴው በምስር፣ ጥቁሩ በሽንብራ።

አንድ ነገር ግን እሱንም አስቸገረው። ጣሳዎቹ አራት ነበሩ። አንደኛው ያ አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው እንደ ቁንዶ በርበሬ የተጠቀለለ፣ ውኃ ሲነካው ቀስ ብሎ የሚፈታ። ሦስተኛው ከአበባ ጋር አድሮ አበባ የሚሸት። አራተኛው ጣሳ ውስጥ ያለው ብትን ቅጠል አይደለም፤ እንደ ኩበት ተጋግሮ የደረቀ ጥቁር ጡብ ነው፣ በቢላ ይፈለፈላል። አረንጓዴው መካነ ሰላም ላይ ተስማማው። የተጠቀለለውና ጡቡ ግን ውኃው በሽንብራ እየፈላ እንኳ አልፈታ አሉት። አቶ ሎሚ ቀምሶ ፊቱን ያጨማድዳል፣ እንደገና ይሞክራል።

«ውኃ ውሸት» አለኝ አንድ ቀን በራሱ አማርኛ።

ከመሣሪያ ያዦቹ አንዱ ነገሩን አስረዳው፤ ጌታቸው ለኔ ነገረኝ። አገራችን ከፍ ያለ ስለሆነ ውኃው ቶሎ ይንተከተካል እንጂ እንደ ቆላ ውኃ አይግልም። እኔ ይህን አውቀው ነበር፤ ባቄላችን ለመብሰል ቀን ሙሉ የሚፈጀው ለምን ይመስላችኋል? «ታዲያ ባቄላ ስትቀቅሉ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ አቶ ሎሚ አስጠየቀኝ። «እንታገሣለን፤ ድስቱንም እንሸፍናለን» አልኩ። ከዚያ ጀምሮ ሲኒውን ቀድሞ በፈላ ውኃ ያሞቀዋል፣ ጡቡ ላይ ውኃ ካፈሰሰ በኋላ ማሰሮውን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ያቅፈዋል። ሲከፍተው የአሮጌ ጎተራ ሽታ ይወጣል፤ ጣዕሙ ለስላሳ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይጣፍጣል። አስተማሪዬን አንድ ነገር ያስተማርኩት ያኔ ብቻ ነው።

ልማዶቹን አልረሳም። የመጀመሪያውን ውኃ ቅጠሉ ላይ አፍስሶ ወዲያው ይደፋዋል፤ ከንቱ ሲፈስ ሳይ አንጀቴ ይቆረጥ ነበር። «እንቅልፍ» ይለኛል ቅጠሉን እያሳየ፤ ከእንቅልፉ መቀስቀሱ ነው። የሲኒውን ክዳን ገልብጦ ሳያሸት አይጠጣም። አንዱን ቅጠል አራት አምስት ጊዜ ይቀዳበታል፣ በየጊዜው ትንሽ እያስቆየ፣ ሦስተኛውን ከሁሉ ይወዳል። የመጀመሪያውን ሲኒ የሚሰጠው ለአለቃው መሐንዲስ ሳይሆን ውኃ ለቀዳ ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ደግሞ ከመቅዳቱ በፊት ሁልጊዜ «በላሽ?» ይለኛል። በላሁ እላለሁ፤ ካልበላሁ ዳቦ ቆርሶ ይሰጠኝና እስክጨርስ ይጠብቃል። ሰላምታው መሰለኝ። እኛ እንዴት አደርሽ እንደምንለው ነው ብዬ ተውኩት።

ከወሎ አማርኛ የወደዳት ቃል «አብሽር» ነበረች፤ አይዞህ ማለት ነው። ሲኒ ሲሰበርብኝ «አብሽሪ ተዋቡ» ይለኛል። ጥናቱ አልቆ ሲሄዱም መኪናው ላይ ተቀምጦ ያለኝ ይህንኑ ነው። ሁለት ጡብ፣ ያልተከፈተ ትልቅ የአረንጓዴ ቅጠል ሣጥን፣ አንድ ባዶ ጣሳና የራሱን ባለክዳን ሲኒ ትቶልኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ በሕይወት ይኑር ይሙት አልሰማሁም።

ወዲያው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀጠረኝ። መዝገቡ ላይ «ጽዳትና ተላላኪ» ነኝ፤ ሥራዬ ግን ሻይ ነው። አለቃዬ ጓድ ደምሴ ይባላል፤ ጥብቅ ሰው ነው፣ ስብሰባ ይወዳል። ለሱ ጥቁሩን የገበያ ሻይ ቅጠሉን ሳላፈላ በፈላ ውኃ አሳርፌ እሰጠዋለሁ፤ ለራሴ ግን ጥግ ላይ ከሣጥኑ ወደ ጣሳው የቀነስኩትን አረንጓዴ እቀዳለሁ። ዘመኑ ተለውጦ መንግሥታችን ከሶቪየት ጋር ወዳጅ ሲሆን ቻይና ስሟ ተበላሸ። አንድ ቀን ጓድ ደምሴ ወጥ ቤት ገብቶ ጣሳዬ ላይ ያለውን ጽሕፈት አየ።

«ይህ የቻይና ጽሕፈት አይደለም?»

«ጣሳው ነው ጓድ» አልኩት። «ውስጡ ጦስኝ ነው።»

አሸተተው። «ጦስኝ እንዲህ አይሸትም።»

«የቆላ ጦስኝ ነው። ለሆድ ጥሩ ነው።»

ጨጓራ ነበረበት። ቀምሶ ሄደ፤ በማግስቱ «ያንን ጦስኝሽን» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ዓመት ያህል ከምሳ በኋላ ያንን ጠጣ፤ ለስብሰባ እንግዶችም ስለ ቆላ ጦስኝ ያስረዳ ነበር። እኔ ጣሳውን ቀይሬ በበርበሬ ጣሳ አደረግሁት።

ከዚያ ትልቁ ረሃብ መጣ።

ስለሱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ያየሁት ግቢያችንን ነው። ከመቅደላ፣ ከማሻ፣ ከተንታ፣ ከራሳችን ከቦረና ቆላ ሰው እየተጎተተ መጣ። እህል ከደሴ በአጅባር በኩል ይመጣል ተባለ፤ ካሚዮኖቹ ግን ጭቃ ይዟቸው መንገድ ላይ ቀሩ። ጓድ ደምሴ ማንንም ሳያስፈቅድ የግቢውን በር አስከፈተ። «ሜዳ ላይ ከሚቀመጡ እዚህ ይቀመጡ» አለ። ያን ቀን ወደድኩት።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የገብስ ሙቅ ለሕፃናት ብቻ ነበር፣ እሱም ቁንጥር። ስኳር አልቋል። እኔ ያለኝ ማገዶ፣ ውኃና የአቶ ሎሚ ሣጥን ነው። ቢያንስ ትኩስ ነገር ይጠጡ አልኩ። አረንጓዴ ቅጠል ሲያረጅ ይደክማል፤ ሣጥኑን ስከፍተው ሽታው ሳስቶ አገኘሁት። ስለዚህ ሦስት እጥፍ ጨመርኩ። በበርሜል፣ ውኃው በምስር ሲሆን፣ እንደ ደንቡ አሳርፌ፣ ቀለሙ ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ኮርቼበት ነበር። ያንን ልዋሽ አልችልም።

ከፊት የተቀመጡት አባ ይመር የሚባሉ የማሻ ሰው ነበሩ፤ ጺማቸው ነጭ ነው፣ ጥምጣማቸው ተቀዷል። ከልጃቸው ከዘምዘም ጋር አራት ቀን በእግር መጥተዋል። ዘምዘም ስም ለማስመዝገብ ተሰልፋለች። ለአባ ይመር ቀዳሁላቸው፤ ጠጥተው ደገሙ። «አላህ ይስጥሽ» ብለው ዱዓ አደረጉልኝ። ለአሥር ያህል ሰው አዳረስኩ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። አንዲት ሴት ላብ አጥምቋት ማስመለስ ጀመረች። ቀጥሎ ሌላ። አባ ይመር ቆመው ወደ አጥር ሊሄዱ ሲሉ ወደቁ። ከጤና ጣቢያ የመጣው ድሬሰር ሮጦ ደረሰና በርሜሉን አየ።

«ምንድን ነው ያጠጣሻቸው?»

«ሻይ። የቻይና ቅጠል።»

«ምን በልተው ነበር?»

አልጠየቅኋቸውም ነበር። እዚያው ቆሜ ነው ነገሩ የገባኝ። አቶ ሎሚ ከአንድ ዓመት በላይ በየቀኑ «በላሽ?» ሲለኝ ሰላምታ መስጠቱ አልነበረም። ያ ቅጠል ባዶ ሆድ ላይ ይከብዳል፣ አንጀት ይገለብጣል፤ ያውም ሲጠነክር። ጠግቦ ለሚያድር ሰው ማቅለሽለሽ ነው፤ በረሃብ አራት ቀን ለተጓዘ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ድሬሰሩ ሳይነግረኝ አወቅሁት።

ሌሎቹ ተረፉ። አባ ይመር በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አረፉ። ድሬሰሩ ኋላ «ሻዩ ባይኖርም ከሦስት ቀን አያልፉም ነበር፤ ሰውነታቸው አልቋል» አለኝ። እውነቱን ይሆናል፤ ሊያጽናናኝም ይሆናል። እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከቀብሩ ስንመለስ ዘምዘምን አጥሩ ሥር ተቀምጣ አገኘኋትና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። የቅጠሉን ብዛት፣ አለመጠየቄን፣ ሁሉን። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አንቺ ሰጠሽ፣ እሱ ጠጣ። ቀኑን ያመጣው አላህ ነው» አለች። ቀጥላም «ግን ዛሬ አታናግሪኝ» አለችኝ።

በርሜሉን አጥቤ ገለበጥኩት፤ እንግዲህ ሻይ አልነካም ብዬ ነበር። ድሬሰሩ ነው የመለሰኝ። «እነዚህ ሰዎች ትኩስ ነገር ያስፈልጋቸዋል። የማይጎዳ የለሽም?» አለኝ። ያኔ ጡቦቹን አስታወስኩ። አረንጓዴው ሲያረጅ ይደክማል፣ ጥቁሩ ሲያረጅ ይለዝባል። ደግሞ አቶ ሎሚ በአገሩ ከፍተኛ ተራራ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ጥቁሩን ሻይ በተቆላ ገብስ ዱቄት እንደሚበሉት አውርቶኝ ነበር። እኛ በሶ የምንለው ማለት ነው። ከጥቢ እስከ ጥቢ ስንበላው የኖርነው። ወይዘሮ ዘሃራ ከጎረቤት እየዞሩ በሶ ለመኑልኝ፤ ስልቻቸውን ራሳቸው ተሸክመው መጡ። ከጡቡ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ፈልፍዬ፣ ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ ለትልቅ ድስት አሳረፍኳት፤ ቀለሙ የገለባ ያህል ቀጠነ። ጨው ቆንጥሬ፣ በሶ በጥብጬበት ድሬሰሩ ፊት ቀመስኩ። እሱም ቀመሰ። «በማንኪያ። ቀስ እያሉ» አለ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘምዘም ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ውኃ የሚቀዳው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንስራውን ስጪኝ» አለች።

ስትመለስ የመጀመሪያውን ሲኒ ለሷ ሰጠሁ፤ ተቀብላ ጠጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ሠራን። እሷ በየሰዉ ፊት ቁጭ ብላ መጨረሻ የበሉት መቼ እንደሆነ ትጠይቃለች፣ እኔ እንደ መልሱ እቀዳለሁ። ካሚዮኖቹ ሲደርሱ ከሁለቱ ጡብ የቀረው መዳፍ የማትሞላ ስባሪ ነበር። በዚያ ሻይ የታመመ አንድም ሰው አላየሁም።

ዘምዘም ወደ ማሻ አልተመለሰችም። ወንድሟ ሰይድ በሠፈራ ወደ ምዕራብ ተወስዶ ነበርና የሚጠብቃት አልነበረም። መሥሪያ ቤታችን ቀጠራት፤ መካነ ሰላም አገባች፣ ወለደች። ሃያ ስንት ዓመት አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆመን ሠርተናል። ጓድ ደምሴ መንግሥት ሲለወጥ ሄደ። ከሱ በኋላ የመጡትን አለቆች ሁሉ አልቆጥርም፤ ደመወዙም ያው ነበር። እኛ ግን ቅጠል ባገኘን ጊዜ ሁሉ እንሞክራለን። የዘምዘም ልጅ ደሴ ስትማር የቻይና ዕቃ ከሚሸጡት እየገዛች ትልክልን ጀመር፤ የተጠቀለለውን ሲኒ ውስጥ ሲፈታ እያየን ሥራ ፈተን የዋልንበት ቀን አለ። ዘምዘም ከኔ ይልቅ አፍንጫ አላት። ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉ እንደሚቀየር የነገረችኝ እሷ ናት።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ዘምዘም ቤቴ መጣች። ሰይድ ወደ ማሻ ከተመለሰ ቆይቷል፤ ለአባታቸው መታሰቢያ ሰደቃ ሊያወጣ ነው። «ከኔ ጋር ትሄጃለሽ» አለችኝ። መጠየቋ አልነበረም።

በአጅባር በኩል ሄድን። ቤቱ ሰው ሞልቶታል፣ ተበልቷል፣ ዱዓ ተደርጓል። ሰይድ ጺሙ እንደ አባቱ ነጭ ሆኗል። ሰዉ ሲቀል ዘምዘም እጄን ይዛ ፊቱ አስቀመጠችኝ። «ይህቺ ናት» አለችው።

ለሷ የነገርኳትን ለሱም ነገርኩት። ምንም አላስቀረሁም። ሰይድ መሬት መሬት እያየ ሰማኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ።

«ሲጠጣ ምን አለ?»

ይህን ለዘምዘምም ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያመሰገነኝን ሰው ቃል ብናገር ራሴን ነጻ ማውጣት መስሎ ይታየኝ ነበር። አሁን ግን የሚጠይቀኝ ልጁ ነው።

«ሲኒውን አሸተቱት» አልኩ። «‹ይህ ነገር የበልግ ዝናብ የመታው ሣር ይሸታል። ሰይድ በሬዎቹን ሜዳው ላይ የለቀቀ መሰለኝ› አሉኝ። ከዚያ ድገሚኝ አሉ።»

ዘምዘም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰይድ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ግን ድምፁ የተረጋጋ ነበር።

«እኔ ሩቅ ነበርኩ። ሞተ ብቻ ነው የሰማሁት» አለ። «እትዬ፣ ቅጠሉን ይዘዋል?»

ይዤ ነበር። ዘምዘም ናት ቦርሳዬ ውስጥ ያስገባችው።

ውኃ ቀድታ ያመጣችው የሰይድ ምራት ናት። ጣድኩት፣ አረፋውን ጠበቅሁ፣ በልኩ ቅጠል አሳረፍኩ። ስኳር ሊያመጡ ሲሉ ሰይድ ከለከላቸው። ሲኒውን ተቀብሎ አፍንጫው ሥር ያዘው፤ ለረጅም ጊዜ አልጠጣም። ከዚያ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ጠጣውና ባዶውን ሲኒ ወደኔ ዘረጋ።

«ለልጆቹም ይቅዱላቸው» አለኝ።

ሁሉም በልተው ነበር። እየዞርኩ ቀዳሁላቸው።